ተዝካሩ ከውርሱ አይቆረጥም

አጎቴ መንዝ ውስጥ፣ ከሞላሌ ብዙም በማትርቅ ገጠር ነበር የሚኖረው። ሲሞት ያልመጣ ዘመድ የለም። ለአርባው ታላቅ ልጁ ከአዲስ አበባ ብር ተበድሮ መጣ። በሬ ተጣለ፣ ጠላው ተጠመቀ፣ ቄሱም ለማኙም በልቶ ጠጥቶ መርቆ ሄደ። በእነዚያ አርባ ቀናት ውስጥ «እስቲ ሕግ የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ» ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም። እኔንም ጨምሮ። ጠበቃ ሲባል ጠብ ነው የሚታየን። ሐዘን ቤት ስሙን ማንሣት ራሱ ነውር ይመስላል።

ጠቡ ግን ያለ ጠበቃም መጣ። ታላቅየው «መጀመሪያ የተዝካሩ ወጪ ይነሣልኝ፣ የተረፈውን እንካፈላለን» አለ። እህቱ «ማን ደግስ አለህ?» አለችው። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ሳይስማሙ ተነሡ።

መልሱ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ተጽፎ ቁጭ ብሏል። ከሟች ሀብት ቀድሞ የሚከፈለው የቀብር ወጪ ነው፤ እሱም ለሟቹ ኑሮ የሚመጥን ከሆነ። ከዚያ የውርስ ማጣሪያው ወጪ፣ ከዚያ ዕዳው። ተዝካር ግን ከቀብር ወጪ አይገባም። ሕጉ በስሙ ጠርቶ ነው ያስወጣው። (ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ስለ ተዝካር ማን እንደነገራቸው እንጃ።) ይህን ብንጠይቀው ኖሮ አንድ ጠበቃ ሻይ እየጠጣ ይነግረን ነበር። ከድግሱ በፊት ቢነግረን ደግሞ ታላቅየው ያን ያህል ባልተበደረ።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ጠበቃ የሚፈለገው ከተዝካሩ በፊት ነው፣ ከተጣላን በኋላ አይደለም።

እኛ ያደረግነው ግን ሌላ ነው። ፍርድ ቤት ደጅ የተቀመጠ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄድን። ሰውየው የአጎቴን ባለቤት ከልጆቹ ጋር ወራሽ አድርጎ ጻፋት። ማመልከቻው ተመለሰ፤ እንደገና ቀጠሮ፣ እንደገና ትራንስፖርት። በሕጉ ሚስት ያለ ኑዛዜ የባሏ ወራሽ አይደለችም። ይህ ማለት ግን ባዶ እጇን ትቀራለች ማለት አይደለም። ከጋራው ንብረት ግማሹ ድሮውንም የራሷ ነው። ውርስ የሚባለው የሟቹ ግማሽ ብቻ ነው፤ እሱን ልጆቹ፣ ወንዱም ሴቷም፣ እኩል ይካፈሉታል። «የአባታችን ነው» እያሉ እናታቸውን ከድርሻዋ የሚገፉ ልጆች በየቀበሌው ሞልተዋል።

ሌላው ስሕተታችን የወራሽነት ማስረጃውን እንዳገኘን ነገሩ አለቀ ማለታችን ነበር። ወረቀቱ ወራሹ ማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ላሟ ለማን እንደምትደርስ አይናገርም። ሀብቱን የሚቆጥረው፣ ኑዛዜ መኖሩን የሚፈልገው፣ ዕዳ የሚከፍለው ውርስ አጣሪ ነው። የእርሻ መሬቱማ መንገዱ ለብቻው ነው፤ በአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ይታያል። የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የማን ስም እንዳለ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

«ጠበቃ ውድ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ምክር መጠየቅና ጉዳይ ማስያዝ ይለያያል፤ ምክሩ ከአንድ በግ አይበልጥም፣ እኛ በሬ ጥለናል። አቅም ለሌለው ደግሞ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። «ቀስ ብለን እንደርስበታለን» ማለትም ዋጋ አለው። ድርሻውን ሌላ ሰው እንደያዘበት እያወቀ ሦስት ዓመት ዝም ያለ ወራሽ በይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ሊታገድ ይችላል።

የአጎቴ ልጆች በዓመት ከመንፈቃቸው ተካፈሉ። ታላቅየው የተዝካሩን ብድር አሁንም እየከፈለ ነው። ባለፈው ፋሲካ እህቱ «ግማሹን ልርዳህ» ብላው ነበር። እምቢ አለ።