የሦስቱ አዝራሮች ክርክር

የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም የሚጽፍ አንድ የማውቀው ሰው፣ መጀመሪያ ለማክ የሠራውን ፕሮግራም ለዊንዶውስ ካዘጋጀ በኋላ፣ መልኩ ከሌሎቹ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ጋር አይመሳሰልም ተብሎ በመነቀፉ ተቆጥቶ መጣ። ከእኛ ጋር ሁለት ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛዋ ዐይነ ስውራንን ኮምፒውተር የምታሠለጥን፣ ሁለተኛው ዕድሜውን በሶፍትዌር ሥራ ያሳለፈ አንጋፋ።

«ሐሳቡም ድካሙም የእኔ ሆኖ ሳለ፣ መስኮቱ ምን ይምሰል የሚለውን ለመወሰን የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ባለቤት ምን አገባው?» አለ ባለፕሮግራሙ። የፕሮግራሞች ገጽታ ምን ይምሰል የሚል መመሪያ የሚያወጡት እነዚህ ባለቤቶች ራሳቸው መመሪያቸውን እንደማያከብሩም ጨመረ፤ በዚህስ አንጋፋው ተስማማለት። አፕል የገጽታ መመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1987 በመጽሐፍ አሳትሞ ሲያበቃ፣ በ1999 ባወጣው ኩዊክታይም 4 የተባለ የቪዲዮና የድምፅ ማጫወቻ ላይ የድምፁን መጠን ለመቀየር በጣት የሚሽከረከር የሚመስል ጎማ አስቀመጠ። ለጣት የተበጀን ጎማ በማውስ መጎተት አስቸጋሪ ስለነበረ ብዙ ተወቀሰበት፤ ኋላም ወደ ተለመደው ተንሸራታች ተመለሰ።

«ታዲያ ይህ የሚመሰክረው ለእኔ ነው እንጂ ለአንተ አይደለም» አለች አሠልጣኟ። «ጥፋቱ መመሪያውን መተዋቸው ነበር። ሲስተሙ ያቀረበልህን አዝራር ብትጠቀም ስክሪን አንባቢው፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚናገረው ፕሮግራም፣ ስሙንና አገልግሎቱን ለተማሪዬ ያነብለታል፤ አንተ የሳልከው አዝራር ግን ስሙን በኮድ ካልነገርከው በቀር ለእሱ ባዶ ቦታ ነው።»

«መንገር እኮ ይቻላል» ሲል መለሰ።

«ይቻላል፤ ነግረኸዋል?»

ዝም አለ።

ነገሩን ይበልጥ ያጠራው ግን ፕሮግራሙን ከፍተን ስንሞክረው ነው። ሥራው ሳይቀመጥ መስኮቱ ሲዘጋ አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ ከሥሩ ሦስት አዝራሮች አሉ። በቆየው የማክ ልማድ «አስቀምጥ» ቀኝ ጫፍ ላይ፣ «አታስቀምጥ» ደግሞ ግራ ጫፍ ላይ ይሆናል፤ በዊንዶውስ «አስቀምጥ» ከሁሉ በፊት በግራ ይመጣል። ሰውዬው የማኩን አሰላለፍ እንዳለ ወደ ዊንዶውስ ስላሻገረው፣ አንጋፋው ጽሑፉን ሳያነብ እጁ በለመደው መንገድ ግራውን ጫፍ ሲጫን የቀረጽነው ድምፅ ጠፋ። «ማንበብ ነበረብህ» አለው ባለፕሮግራሙ። ይህን ሲናገር ግን በመልሱ እሱ ራሱም አልረካም።

እኔ በአብዛኛው ከአሠልጣኟ ጋር ነኝ። ተጠቃሚው የኪቦርድ አቋራጮችን፣ የአዝራሮችን ቅደም ተከተልና የጽሑፍ መጻፊያ ሣጥኖችን የለመደው በብዙ ሌሎች ፕሮግራሞች ላይ ነው፤ ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ጸሐፊ እነዚህን ሲቀይር በራሱ ንብረት ላይ ብቻ ያዘዘ መስሎት የሌላውን ሰው ልማድ ያፈርሳል። የድምፁ ሞገድ የሚታይበትና የሚቆረጥበት ሰሌዳ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ስለ ድምፅ ቆረጣ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አጠቃላይ መመሪያ ስለሌለ፣ እዚያ እንዳሻው ቢፈጥር የምቃወምበት ምክንያት አይታየኝም። የመስኮቱ ማዕዘን ክብ ይሁን ሹል ይሁን የሚለው፣ ብዙ ቃል ያባከንንበት ቢሆንም፣ እውነቱን ለመናገር ለእኔ ምንም አይደለም።

ባለፕሮግራሙ ሦስቱን አዝራሮች በየሲስተሙ ልማድ ለማሰለፍና ለስክሪን አንባቢው ስም ለመስጠት ተስማማ። ማዕዘኑን ግን አልነካም ብሏል።