ማስተካከያ፦ ማክን (የአፕል ኮምፒውተርን) ከባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ሀርድ ዲስክ ስለማስነሳት

ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር መመሪያ፣ «የተበላሸ ማክ ሁሉ ኦፕሽን ቁልፍ ሲጫኑት ከታይም ማሽን ዲስክ ይነሳል» ይላል፤ ታይም ማሽን ከማክ ጋር የሚመጣው የባክአፕ ፕሮግራም ነው። ይህ የሚሆነው የኢንቴል ቺፕ ላላቸው ማኮች፣ ያውም ባክአፑ በድሮው የታይም ማሽን አሠራር የተዘጋጀ ከሆነ ብቻ ነው። እነሱም ቲ2 የሚባለው የደህንነት ቺፕ ካላቸው፣ ከውጭ ዲስክ መነሳት አስቀድሞ ካልተፈቀደላቸው እምቢ ይላሉ።

ከ2020 መጨረሻ ወዲህ የወጡት የአፕል የራሱ ቺፕ ያላቸው ማኮች፣ ኤም1 እና ታናናሾቹ ግን ኦፕሽንን ቢጫኑት ጉዳያቸውም አይደል። ማኩን አጥፍቶ የማብሪያ ቁልፉን ሳይለቁ መያዝ፣ የማስነሻ አማራጮች ሲመጡ «ኦፕሽንስ» የሚለውን መምረጥ ነው። የታይም ማሽን ዲስክ እነዚህን አያስነሳም፤ ፋይል ይመልሳል እንጂ። ስለዚህ መጀመሪያ የማኩ ሲስተም ማክኦኤስ እንደ አዲስ ይጫናል፣ ከዚያ ማይግሬሽን አሲስታንት የተባለው ፋይል አጓጓዥ ፕሮግራም ፋይሉን ከዲስኩ ያመጣል። መጫኛው ከ10 ጊጋባይት በላይ ስለሚያወርድ በሞባይል ዳታ የሚሞክር ሰው ጥቅሉን ቀድሞ ይሰናበተው።

ከሁሉ የከፋው «ዲስኩን ኢሬዝ አድርጉ» (አጥፉት) የሚለው የመመሪያው መስመር ነው፤ የትኛውን እንደሆነ አይናገርም! የሚጠፋው፣ ያውም የግድ ሲሆን ብቻ፣ የውስጡ «ማኪንቶሽ ኤችዲ» ነው። ዲስክ ዩቲሊቲ በተባለው የዲስክ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ውስጥ የውስጡም የባክአፑም ዲስክ ጎን ለጎን ተዘርዝረው ስለሚታዩ እጅ መሳቱ አይቀርም፤ ጭነቱ እስኪያልቅ ባክአፑን ነቅሎ ማስቀመጥ ይሻላል።

አይማክና ማክ ሚኒ ባትሪ ስለሌላቸው፣ መብራት ሄድ መለስ በሚልበት ሰፈር ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) አትጀምሩ። ራውተሩንም እዚያው ላይ ሰኩት።