ሙያ በልብ ነው፣ ሽታው በሰፈር

ማክሰኞ ማታ ያ ዶፍ ሲወርድ ሰፈራችን ምን እንደሸተተ አልነግራችሁም፣ የናንተም ሰፈር ያንኑ ነው የሸተተው፣ ምን አስደበቀን። መስኮት ዘጋን፣ እጣን አጨስን፣ ቡና ሁሉ ተቆላ፣ እምቢ አለ። ትንሿ ልጄ አፍንጫዋን ይዛ "አባ ምንድነው?" ስትለኝ "ዝናብ ነው" አልኳት። አልዋሸሁም እኮ፣ እኛ ጋ ዝናብ እንደዚ ነው የሚሸተው።

ስለዚ ዛሬ ላመሰግን ነው የመጣሁት። ክረምት ጠብቆ የሽንት ቤት ጉድጓዱን ወደ ጎርፍ ቱቦ የሚለቅ ሰው በዚች ከተማ የሚገባውን ክብር አላገኘም። እኛ ሞኞቹ ጉድጓዱ ሲሞላ መጣጭ መኪና እንጠራለን፣ ተራ እንጠብቃለን፣ ብር እንከፍላለን። እሱ ግን ሰማይን ራሱን በነፃ ቀጥሮታል።

ከኛ ከፍ ብሎ ያለው ባለ ጂ ፕላስ ሁለት የዚህ ሙያ ሊቅ ነው። ጉድጓዱ ከግንቦት ጀምሮ ሞልቷል፣ ተከራዮቹ ሲያማርሩ "ትንሽ ታገሱ፣ ክረምቱ ደርሷል" ይላቸዋል፣ ዘር አዘጋጅቶ ዝናብ የሚጠብቅ ገበሬ ነው የሚመስለው። ማታ ማታ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አርጎ በረንዳ ላይ ይቆምና ወደ እንጦጦ ያያል። ደመናው ከጠቆረ ቦቲውን ያጠልቃል። አጥሩ ስር ሳር ተደርጎበት የተደበቀ አራት ኢንች የፕላስቲክ ቧንቧ አለችው፣ አፏ ላይ በአሮጌ ሹራብ የተጠቀለለ ድንጋይ ተወትፏል። ባትሪውን በጥርሱ ይነክሳል፣ ጃንጥላውን ብብቱ ስር ያደርጋል፣ ይጠብቃል። በካፊያ የሚለቅ አማተር ነው! እሱ ቱቦው ሞልቶ ድንጋይ ማንከባለል ሲጀምር ጠብቆ ነው ያንን ሹራብ ይዞ መንጭቆ የሚያወጣው። ውታፍ ነቃይ የሚለውን ነገር ድሮ ስድብ ይመስለኝ ነበር፣ እሱን ካየሁ በኋላ ማዕረግ ነው። አምና ሰኔ ላይ አንዴ ዝናቡ ከዳው። ውታፉን ነቅሎ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ፀጥ አለ፣ የለቀቀው ሁሉ የገዛ በሩ ላይ ተኛ፣ እሱ ጃንጥላውን ዘርግቶ መሀሉ ቆሞ "በዚ ዘመን ዝናቡም አይታመን" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በነጋታው የሰፈር ስብሰባ ላይ መጀመሪያ እጁን ያወጣው ማን መሰላችሁ? "ሽታው ሊገለን ነው፣ የሚመለከተው አካል የት ነው ያለው?" አጨበጨብንለት።

ፍልስፍናው አንድ አረፍተ ነገር ናት፣ ውሃ ወሰደው። የት ወሰደው የሚል ጠያቂ የለም። ጋራዡ የተቃጠለ ዘይቱን ሲደፋ ውሃ ወሰደው፣ ሚኒባስ ውስጥ ያለችው ቆንጆ ሃይላንዷን በመስኮት ስትወረውር ውሃ ወሰደው። ከኛ ቱቦ ወደ ግንፍሌ ወንዝ፣ ከግንፍሌ ወደ ቀበና ይገባል። ቀበና ላይ ደግሞ ባንትይቀጡም ከመሀል ከተማ የራሱን ይዞ ይቀላቀላል፣ ስሙን ቀስ ብላችሁ ጥሩት እስኪ፣ ባንተ ይቀጡ። ከዛ ትልቁ አቃቂ፣ ከዛ አባ ሳሙኤል ግድብ።

አንድ ነገር ግን በምስጋና ማለፍ አልቻልኩም። ወንዙ ዳር የላስቲክና የቆርቆሮ ቤት ያላቸው ሰዎች አሉ። እኛ መስኮት ስንዘጋ እነሱ ቤት በር ሰብሮ ነው የሚገባው፣ እናትየው ልጆቹን አልጋ ላይ ሰብስባ በጣሳ እየጨለፈች ታድራለች። ጠዋት ያው ልጅ በባዶ እግሩ እዛው ውስጥ ይጫወታል። በ2008 ክረምት የሆነውን ረሳነው እንዴ? ኮሌራ ብሎ ስሙን ደፍሮ የሚጠራ ጠፍቶ አተት አተት፣ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ሲባል የከረመው? ልጅ ተቅማጥ ይዞት የሰውነቱ ውሃ አልቆ ሲሞት ዝናብ አይደለም የገደለው። ሹራቡን የነቀለው እጅ ነው። ይሄ ብልጠት አይደለም፣ ነፍስ ማጥፋት ነው፣ እኛም እያወቅን ዝም ያልነው አብረን ነው።

እሺ ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናው ልመለስ። የሌላ አገር ወንዝ ቆሻሻውን ባህር ወስዶ ለማያውቀው ሰው ይሰጣል። የኛው ሀገር ወዳድ ነው። አባ ሳሙኤል ለአዋሽ ያስረክባል፣ አዋሽ ቆቃን አልፎ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄድና ባህር ሳያይ አፋር ጫፍ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ያለው አቤ ሐይቅ ጋ ይቀራል። አንድ ማንኪያ እንኳን ለባዕድ ላለመስጠት እኮ ነው! ቆቃ ደግሞ ከከተማው ፍሳሽና ከእርሻው ማዳበሪያ ናይትሮጂንና ፎስፈረሱን እየጠጣ አልጌ ያበቅላል፣ ውሃው አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት እስኪመስል። አንዳንዱ አልጌ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፣ ከዛ ውሃ ከብትም ይጠጣል ሰውም ይጠጣል። ግን ከፎቶ አንፃር ካያችሁት ያምራል።

አቃቂ ዳር ያለውን አትክልትማ አታንሱት። በጋ በሞተር እየሳቡ ያጠጡታል፣ ክረምት ወንዙ ራሱ ማሳው ድረስ ይመጣለታል። ተመራማሪዎች እዛ ከበቀለው ጎመንና ሰላጣ ላይ ክሮሚየም፣ ካድሚየም፣ እርሳስ የሚባሉ መርዛማ ብረቶች ሲያገኙ ስንት ዘመናቸው፣ የፋብሪካውና የጋራዡ መዋጮ መሆኑ ነው። የጎረቤቴን መዋጮ ለመለየት ግን ተመራማሪ አያስፈልግም።

ትናንት ከስራ ስመለስ ጉሊት ጎራ አልኩ፣ ፍልሰታ አይደል። ሊቁ ቀድሞኝ ቆሟል፣ ነጠላውን አጣፍቶ ቆስጣውን እያገላበጠ፣ ቅጠል በቅጠል ብርሃን ላይ ያየዋል፣ ጫፉ ትንሽ ጠውልጎ ካየ ይመልሰዋል።

"እናት፣ ከየት የመጣ ነው?"

"ከአቃቂ ነው ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት የገባ ነው፣ እየውማ እንዴት እንደወፈረ።"

"ታዲያ እንዲህ ያለ ሲኖርሽ ምነው ደበቅሽኝ፣" አላት፣ "ሁለት እስር ጨምሪልኝ።"