አንድ ተራራ፣ ሁለት ራይት

ባለፈው የሥራ ባልደረባዬ «እሑድ ሚክል ፌል ተራራ እንውጣ?» አለኝ። እዚያ ምን አለ? አልኩት። «ምንም!» አለኝ፣ ፊቱ በደስታ እየበራ።

ሰውዬው የእንግሊዝ አገርን ካውንቲዎች (ክፍለ ሀገሮች በሏቸው) ከፍተኛ ጫፍ አንድ በአንድ እየወጣ ዝርዝሩ ላይ ራይት የሚያደርግ ነው። ለብቻው ያበደ እንዳይመስላችሁ። ስኮትላንድ ውስጥ ሂው ሙንሮ የሚባል ሰውዬ እ.ኤ.አ. በ1891 ከ3,000 ጫማ በላይ የሆኑትን ተራሮች መዝግቦ ካሳተመ ወዲህ ስንቱ ሲቆጥር ይኖራል። ሙንሮ ራሱ ግን የገዛ ዝርዝሩን ሳይጨርስ ነው የሞተው።

ሚክል ፌል 788 ሜትር ነው። ደጋ ላደገ ሰው ሜዳ በሉት። ስሙ «ትልቅ ተራራ» እንደማለት ነው፣ ስም አውጪዎቹ ሌላ ያዩ አይመስለኝም። ድሮ የዮርክሻየር ከፍተኛው ጫፍ እሱ ነበር። ከዚያ ወሰን ሲከለስ ለካውንቲ ደራም ተሰጠ፣ ያውም በኤፕሪል ዘ ፉል፣ ኤፕሪል 1 ቀን 1974። ተራራው ስንዝር አልተነቃነቀም። ዮርክሻየሮች ግን ዛሬም «የኛ ነው» የሚሉ አሉ። ወጥታችሁት ታውቃላችሁ ወይ ስትሏቸው ወሬ ይቀይራሉ።

ልውጣ ብትልም ዝም ብለህ አትወጣም። ቦታው የጦር ሠራዊት መለማመጃ ነው፣ በእውነተኛ ጥይት ይተኮስበታል። ስለዚህ ጭቃ ውስጥ ለመግባት አስቀድመህ ፈቃድ ታወጣለህ! ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ደግሞ ወደ ቤትህ።

መንገድ የሚባል ነገር የለም፣ የወሰኑን አጥር ተከትለህ መሄድ ነው። መሬቱ ለሺህ ዓመታት ሳይበሰብስ የተከማቸ እፅዋት ነው፣ ላዩ ላይ የሚበቅለው ስፋግነም የሚባል ስፖንጅ መሰል ተክል ደግሞ የደረቅ ክብደቱን ሃያ እጥፍ ያህል ውሃ ይይዛል፣ እኔ ስረግጠው ያንን ሁሉ ለእኔ ሰጠኝ። አንዴ እስከ ጉልበቴ ገባሁና እግሬ ብቻውን ወጣ። ጫማው ቀረ።

ጫፉ ላይ የድንጋይ ክምርና ጉም አለ። ባልደረባዬ ጉሙን ፎቶ አነሳ። ከዚያ ዝርዝሩን አውጥቶ ደራም ላይ ራይት አደረገ፣ ትንሽ አሰበና የድሮው ዮርክሻየር ላይም ሌላ ራይት ጨመረ።

«በአንድ መንገድ ሁለት!» አለኝ።

የቀኝ ጫማዬ ግን ከአጥሩ ማዶ ነው የቀረው፣ ጎረቤት ካውንቲ ኩምብሪያ ውስጥ። ባልደረባዬ ኩምብሪያን ቀድሞ ጨርሷታል።