«ዛው» የአክብሮት ቃል አይደለም

ወንድማችን፣ በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው የእንግሊዝኛ ትርጉም፣ በኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ እግዚአብሔር «ዛው» (thou) የተባለው፣ ቃሉ እንደኛ «እርስዎ» የአክብሮት ስለሆነ ነው ብለዋል። ብዙዎች የሚያምኑት ስሕተት ነውና ላርመው። «ዛው» ለአንድ ሰው ብቻ የሚባል ተራ «አንተ» ወይም «አንቺ» ነው። በዚያው ትርጉም ኢየሱስ ሰይጣንን «ሂድ» ሲለው እንኳ የተጠቀመው «ዚ»ን (thee)፣ የ«ዛው»ን ተሳቢ ነው፤ ሰይጣንን የሚያከብር ማን አለ? ቃሉ ግርማ የለበሰው ከዕለት ንግግር እየጠፋ ሲሄድ ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ነጠላና ብዙ መለየቱ ነው። በሉቃስ 22፥31-32 ሰይጣን የለመነው «ዩ»ን (you፣ «እናንተ»)፣ ማለትም ደቀ መዛሙርቱን በሙሉ ነው፤ ኢየሱስ የጸለየው ግን ስለ «ዚ»፣ ስለ ጴጥሮስ። የዛሬው እንግሊዝኛ ለሁለቱም «ዩ» ይላል። አማርኛችን ግን «ሊያበጥራችሁ» እና «ስለ አንተ» ብሎ ልዩነቱን ጠብቆታል።