እርማት፦ ጣዝማ ትንኝ አይደለችም

ወንድሜ፣ «ጣዝማ ትንኝ እንጂ ንብ አይደለችም፤ ተመራማሪዎች የማይናደፉ ንቦች ማርቢያ ድረስ የሚሄዱት በከንቱ ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ልክ አይደለም። ጣዝማ እውነተኛ ንብ ናት፤ ከማይናደፉት ንቦች ወገን ናት። ከማር ንብ ጋር በአንድ ቤተሰብ ትመደባለች። ንግሥት አላት፣ ሠራተኞች አሏት፣ ከአበባ ጣፋጭ ፈሳሽና ብናኝ ትሰበስባለች። የማይናደፉ ንቦች በዓለም ላይ ከ500 በላይ ዝርያ አላቸው።

መንደፊያቸውም ጨርሶ አልጠፋም። አንሶ አንሶ ከጥቅም ውጪ ሆነ እንጂ። ራሳቸውን መከላከል ግን ያውቁበታል። ብዙዎቹ ይነክሳሉ፣ ፀጉር ውስጥ ይገባሉ፣ ጠላትን በሙጫ ያጣብቃሉ። በላቲን አሜሪካ ደግሞ ቆዳ የሚያቃጥል ፈሳሽ የሚያመነጩ አሉ።

ማርቢያው ለምን አስፈለገ? የእኛዋ ጣዝማ የምትኖረው ከመሬት በታች ነው። ማሯን ለማውጣት ሲቆፈር ጎጆዋ ይፈርሳል፤ መንጋውም ብዙ ጊዜ ያልቃል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ቀፎ ውስጥ ስትሆን ግን ተመራማሪው ክዳኑን ከፍቶ ከሰምና ከሙጫ የተሠሩትን ትናንሽ የማር ማሰሮዎች፣ እጮቹን፣ ንግሥቷንም ጎጆውን ሳያፈርስ ያያል። በተለይ ዝርያው ብርቅ ሲሆን፣ ለጥናት ተብሎ አንድ ጎጆ እንኳን መቆፈር የለበትም።