ለማይመጣው ጎብኚ ምስጋና ይድረሰው

የዓለም ሙዚየሞች ጨንቋቸዋል። ነገ ምን እንሁን እያሉ ስብሰባ በስብሰባ ሆነዋል። ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት ስንት ተከራክሮ፣ ሙዚየም ለሁሉም ክፍት ይሁን፣ ማኅበረሰቡም ይሳተፍበት ብሎ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2022 ፕራግ ላይ ነው። የፈረንሳዩ ሉቭር ሙዚየም ደግሞ በ2021 ከ480 ሺህ በላይ ቅርሶቹን ኢንተርኔት ላይ ዘረገፈ። ሰው ፓሪስ ድረስ ሳይለፋ እንዲያይ ተብሎ። ምን አደከማቸው? ጅማ መጥተው ቢጠይቁን፣ ደጃፉን ሳይረግጡ በሙዚየም መኩራትን በነጻ እናሠለጥናቸው ነበር።

እኛ እኮ ይህን ጨርሰናል። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ኮረብታ ላይ ቆሟል። ባጃጅ ያደርሳል። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤት ነው። ይህን የማያውቅ የለም። ፎቶውን ፕሮፋይል አድርገናል። «ኩራታችን» ብለን ለጥፈን ላይክ ሰብስበናል። የአዲስ አበባ ሰው ከተማችንን ሊያናንቅ ሲል «አባ ጅፋርን ታውቃለህ?» ብለን አፉን አዘግተናል። ውስጡን አይታችሁታል ወይ የሚል ነገረኛ አይጠፋም። ተዉት። በስማቸው የተሰየመው ክለባችን በ2010 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ጉሮሯችን እስኪዘጋ ስማቸውን ጠርተናል። ከዚህ በላይ ምን የማኅበረሰብ ተሳትፎ አለ?

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ብሎ የሚያማንም አለ። አልገባውም። እኛ ጥበቃ ላይ ነን። ፈረንሳይ ውስጥ ላስኮ የሚባል ዋሻ አለ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት የኖረ ሥዕል ያለበት። ጎብኚው ጎረፈ። የሰዉ ትንፋሽ ሥዕሉን ማበላሸት ጀመረ። በ1963 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ዘጉት። ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ አጠገቡ አምሳያውን ሠርተው ከፈቱ። ስንት ወጪ፣ ስንት ድካም! የጅማ ሰው ግን ትንፋሹን ይዞ ቤቱ ተቀምጧል። አንድ ሳንቲም አላስወጣም። ብርሃን ጨርቅና ወረቀት ያደበዝዛል ይባላል፤ የእኛ የስልክ ፍላሽ ከበሩ አላለፈም። ወለሉም በእኛ ጫማ አላለቀም። ለእንጨት ቤት ይሄ ቀላል ውለታ እንዳይመስላችሁ።

በ2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና ሲመጣ፣ ከዓለም ሙዚየሞች 90 ከመቶ ያህሉ በራቸውን ዘጉ ብሎ ዩኔስኮ መርዶ ነገረን። ዓለም ደነገጠ። እኛ ግን ልዩነቱም አልታወቀን።

የቤት ውስጥ ቅርስ አያያዛችንማ ለብቻው ይወደስ። የጅማ በርጩማን ታውቃላችሁ፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን፣ ባለ ሦስት እግሩን። ሴት አያት ቡና ሲያፈሉበት የኖሩት፣ መቀመጫው በዕድሜ ብዛት የሚያብለጨልጨው። አንድ ቀን ገዢ ይመጣል። ስልሳ ዓመት ያገለገለ ዕቃ በአሥር ደቂቃ ክርክር ይሸጣል፤ በገንዘቡም ፕላስቲክ ወንበር ይገዛል። አይነቅዝም፣ ይደራረባል፣ ቀለሙም ደማቅ ነው። በርጩማው ደግሞ ባሕር ተሻግሮ መስታወት ውስጥ ይገባል። መብራት ይበራለታል፣ ዘበኛ ይቆምለታል። የልጅ ልጆቻችን በስልካቸው አጉልተው ያዩታል። የሙዚየም መጪው ዘመን ዲጂታል ነው ሲሉ የሰማችሁት ይሄን ነው። ፕላስቲኩን እንኳ የወደፊቶቹ አስጎብኚዎች «የጅማ ባህላዊ መቀመጫ» ብለው ያስጎበኙት ይሆናል።

ጭራሽ አይሄዱም ማለት ግን ስም ማጥፋት ነው። እንግዳ ሲመጣ እንሄዳለን። የአክስት ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ጅሬን ሳያዩ መመለስማ ነውር ነው። ያን ዕለት ሁላችንም አስጎብኚ ነን። «ይሄ ክፍል ምን ነበር?» ይላል እንግዳው። «ንጉሡ የሚቀመጡበት።» «ያኛውስ?» «እዚያም ይቀመጡ ነበር።» ፎቅ ላይም እናስቀምጣቸዋለን፣ ምድር ቤትም እናስቀምጣቸዋለን። ስንት ዓመት የገዙ ሰው ሲቀመጡ ብቻ የኖሩ ይመስላል። በመጨረሻ ትክክለኛው አስጎብኚ ጠጋ ብሎ ክፍሉ ለምን ይውል እንደነበር ያስረዳል። ፊታችን ንቅንቅ አይልም። ወደ እንግዳችን ዞረን፦

«እሱን ልነግርህ ስል እኮ ነው!»